ታብ በቆየ የፎርትራን ኮድ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በቋሚ ፎርማት (በድሮው የአጻጻፍ ደንብ) የተጻፈ የፎርትራን ፕሮግራም አምድ፣ ማለትም ፊደሉ በመስመሩ ላይ ስንተኛ እንደሆነ፣ ይቆጥራል። ከ1 እስከ 5 የመለያ ቁጥር፣ 6ኛው የቅጥያ ምልክት (መስመሩ ያለፈው ቀጣይ መሆኑን የሚያሳይ)፣ ከ7 እስከ 72 ትዕዛዙ። ከ73 ጀምሮ ያለውን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ዞር ብሎም አያየውም። ታብ ደግሞ በስታንዳርዱ የፊደል ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ኮምፓይለሮች የየራሳቸውን ሕግ አወጡ።

ዓይንን ማመን። ኤዲተሩ ታቡን በ4 ቦታ ቢያሳይ በ8፣ ለኮምፓይለሩ ጉዳዩ አይደለም። ጂፎርትራን የተባለው ኮምፓይለር መስመር መጀመሪያ ላይ ታብ ሲያገኝ በቀጥታ ወደ 7ኛው አምድ ይዘላል። የድሮው ጂ77 ግን በየ8 አምዱ ነበር የሚቆጥረው።

ታቡን በጅምላ ወደ ስፔስ መቀየር። ይሄን ስንቴ ልናገር! አዲስ ሰው ፕሮጀክት ይረከባል፣ ታብ ያያል፣ ደሙ ይፈላል፣ ሁሉንም በ8 ስፔስ ይተካል። ኧረ በፈጠራችሁ! 7ኛው አምድ ላይ ይጀምር የነበረው ትዕዛዝ አሁን 9ኛው ላይ ሆነ። ልክ 72 ላይ ያልቅ የነበረ መስመር የመጨረሻ ሁለት ፊደሎቹን አጣ። መጨረሻው «*1000» ከነበረ የሚቀረው «*10» ነው። እሱም ትክክለኛ ፎርትራን ስለሆነ ኤረር የለም። አንድ ባልደረባዬ ውጤቱ መቶ እጥፍ አንሶበት ቀኑን ሙሉ ቀመሩን ሲፈትሽ ዋለ። ቀመሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ቅጥያ መስመሮችም አሉ። ከታብ ቀጥሎ ከ1 እስከ 9 ያለ አሃዝ ከመጣ፣ ጂፎርትራን መስመሩን የበፊቱ ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል። በ8 ስፔስ ስትተኩት አሃዙ 9ኛው አምድ ላይ ያርፍና ቅጥያነቱ ይቀራል። ይሄኛው እንኳ ደግ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤረር ይሰጣል።

መቀየር ካለባችሁ መጀመሪያ ታብና አሃዙን በ5 ስፔስና በዚያው አሃዝ ተኩ። ከዚያ የቀረውን የመስመር መጀመሪያ ታብ በ6 ስፔስ። ከታቡ በፊት መለያ ቁጥር ካለ፣ ታቡን እስከ 6ኛው አምድ በሚሞላ ስፔስ ብቻ ተኩ። በጥቅስ ውስጥ ያለውን ታብ አትንኩ፣ የሚታተመው ጽሑፍ ይቀየራል።

መለያ ቁጥርን ከታብ በኋላ መጻፍ። ከታብ ቀጥሎ «100» ብትጽፉ 1ዱ የቅጥያ ምልክት ይሆናል። «00» እና ተከታዩ ቃል ካለፈው መስመር ጋር ይጣበቃሉ። በቋሚ ፎርማት ክፍት ቦታ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ያለፈው መስመር በተለዋዋጭ ስም ካለቀ፣ ማንም ያላሰበው አዲስ ተለዋዋጭ ይወለዳል። ኢምፕሊሲት ነን (ያልታወጀ ተለዋዋጭን የሚከለክለው ትዕዛዝ) ከሌለና መለያውን የሚጠራ ከሌለ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይሠራል።

ሜክፋይሉን (ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚገነባ የሚናገረውን ፋይል) አብሮ መቀየር። እዚያ በትዕዛዝ መስመሮች መጀመሪያ ላይ ታብ ግዴታ ነው።

ዋርኒንግ ሳይከፍቱ መሥራት። ጂፎርትራን ዋርኒንጎቹ ሲከፈቱ ታቡንም የተቆረጠውን መስመርም ይናገራል። እባካችሁ ክፈቷቸው።

የመስመሩን ገደብ ከ72 ወደ 132 አምድ አስረዝሞ መገላገል። ለአዲስ ኮድ ጥሩ ነው። በካርድ ዘመን (ፕሮግራም በተበሳ የወረቀት ካርድ ላይ በሚጻፍበት ጊዜ) በተጻፈ ኮድ ግን ከ73 እስከ 80 የካርዱ ተራ ቁጥር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። መስመሩን ስታስረዝሙት ያ ቁጥር የትዕዛዙ አካል ሆኖ ይነበባል።