መንገድና ባንክ ሲዘጋ የወረዳ ደመወዝ እንዴት ይከፈላል

አሜሪካ ውስጥ ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ሲቀር የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ይሰነብትና እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሕግ መሠረት ቢሮው ሲከፈት ውዝፉን ይቀበላል። ወሎ ውስጥ ደመወዝ የሚቆመው እንዲህ አይደለም። በጀቱ ጸድቆ ሳለ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ የባንክ ቅርንጫፍ በሩን ይዘጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሆነው ይኸው ነበር። ገንዘብ እያለ ደመወዝ የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በወረቀትና በፊርማ ነው። ስለዚህ ለወረዳ ፋይናንስ ፑል (የወረዳውን መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ በጋራ ለሚሠራው ክፍል) እና ለሰው ኃይል ባለሙያዎች የምንለው አብዛኛው ነገር ቀድሞ፣ ቢሮው ክፍት ሳለ የሚሠራ ነው።

ቢሮው ሳይዘጋ

ከሁሉ በፊት የባንክ ፈራሚዎችን አስተካክሉ። የወረዳው ሒሳብ በጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው። አንዱ ፈራሚ ደሴ ገብቶ ሌላው ቆላ ላይ ከቀረ፣ ሒሳቡ ውስጥ የስድስት ወር ደመወዝ ቢኖርም አንድ ብር አይወጣም። መፍትሔው ተለዋጭ ፈራሚ አስቀድሞ ማስመዝገብ ነው፤ የሹመት ደብዳቤው፣ የፊርማ ናሙናውና ክብ ማኅተም ያረፈበት የወረዳው ደብዳቤ ለባንኩ ይገባል። ይህን ከተዘጋ በኋላ ልሥራ ያለ ወረዳ ደብዳቤ የሚጽፍለት ኃላፊና ማኅተሙን ሲፈልግ ወር ያልፈዋል።

ቀጥሎ የደመወዝ ፋይሉን አዘጋጁ። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈለው ወር ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት፣ የሠራተኛው ስም እስከ አያት፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ስልክ፣ እንዲሁም የብድርና የሌላ ተቀናሽ ዝርዝር ከቀሪ ዕዳው ጋር ይያዝ። ከዚህ አንድ ቅጂ በወረቀት፣ ሁለት ቅጂ ደግሞ በፍላሽ ይሁን። አንዱ ፍላሽ ከወረዳው ውጭ መቀመጥ አለበት፤ ለደቡብ ወሎ ወረዳዎች ደሴ፣ ለሰሜን ወሎዎቹ ወልድያ ያለው የዞን ፋይናንስ መምሪያ ተገቢው ቦታ ነው። የአይቤክስ፣ ማለትም የመንግሥት በጀትና ሒሳብ የሚመዘገብበት ፕሮግራም፣ ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂ) አብሮ ይሂድ።

ፋይሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወጥመድ አለች። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር በ1000 የሚጀምር 13 አኃዝ ነው። ኤክሴል ላይ እንዲሁ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ረጅሙን ቁጥር አሳጥሮ በነጥብና በመደመር ምልክት ያሳየዋል፤ በዚያው መልክ በሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ፋይል) ከተቀመጠ ደግሞ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ዜሮ ሆነው ይቀራሉ። ባንኩም ዝርዝሩን እንዳለ ይመልሰዋል። ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ቴክስት (ጽሑፍ) አድርጉት፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ሒሳብ ቁጥር የአኃዝ ብዛት አስቆጥሩ።

ስምም እንደዚያው ያስቸግራል። አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሰይድ መሐመድ የሚባሉ ሦስት መምህራን መገኘት ወሎ ላይ ምንም አይገርምም፤ መሐመድ በባንኩ የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ በአራት ዓይነት ይጻፋል። ስሙን ከባንክ ደብተሩ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ በጆሮ የተሰማው አይበቃም።

በተዘጋበት ወር

መክፈል ባይቻልም ፔሮሉ በየወሩ ይሠራ። ይህ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ነው፤ «ሲከፈት አንድ ላይ እንሠራዋለን» ይባልና ሲከፈት ማን በየትኛው ወር ሥራ ላይ እንደነበረ፣ ማን እንደተዛወረ፣ ማን እንደለቀቀ የሚያስታውስ ይጠፋል። አቴንዳንሱ ከቀበሌ ጤና ኬላና ከትምህርት ቤት በወረቀት ይሰብሰብ፤ ኔትወርክ ካለ ፎቶው በስልክ ይላክ፣ ዋናው ግን በኋላ ይገናኝ።

በተዘጋበት ጊዜ ቢሮ ያልገባ ሠራተኛ ይከፈለው አይከፈለው የሚለውን የፔሮል ሠራተኛ አይወስንም። የወረዳው አስተዳደር በደብዳቤ ይወስን፤ ደብዳቤው ከወሩ ፔሮል ጋር ይያያዝ። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ኦዲተር ሲመጣ ባለቤት የለውም።

ተፈናቅሎ የወጣ ሠራተኛ ለጊዜው ባለበት ከተማ ሪፖርት ያደርጋል። እዚያ ከመከፈሉ በፊት ከቀድሞ ወረዳው «ደመወዝ እስከዚህ ወር ተከፍሎታል» የሚል ማስረጃ ይቅረብ። ወረዳው ጨርሶ የማይገኝ ከሆነ ዞኑ ባስቀመጠው ፍላሽ ይመሳከር፤ ለዚህም ነው ፍላሹ ውጭ ይቀመጥ ያልነው። ሳይመሳከር የተከፈለ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ በኋላ ለማስመለስ ደግሞ በየወሩ እየቆነጠሩ ዓመት ይፈጃል።

የውዝፉ ስሌት

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ውዝፍ በአንድ ድምር አይሠራም፣ ወር በወር ይሠራል። የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ የወር ሰንጠረዥ ነውና ወሮቹ ሲደመሩ ሠራተኛው ያለ አግባብ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሰንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። እስከ 4,000 በ15 በመቶ ተባዝቶ 300 ይቀነሳል፤ እስከ 7,000 በ20 በመቶ ተባዝቶ 500፤ እስከ 10,000 በ25 በመቶ ተባዝቶ 850፤ እስከ 14,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350፤ ከዚያ በላይ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነሳል።

ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የሦስት ወር ውዝፍ አለው እንበል። የአንድ ወር ግብሩ 700 ብር፣ የጡረታ መዋጮው በ7 በመቶ 420 ብር ነው፤ እጁ የሚገባው 4,880 ይሆናል፣ ለሦስት ወር 14,640። አንድ ላይ ተደምሮ በ18,000 ከተሠራ ግን ግብሩ 4,250 ብር ይወጣል፤ ወር በወር ቢሠራ 2,100 ነበር። ልዩነቱ 2,150 ብር ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሲበደር ከከረመ ቤተሰብ ላይ የሚቆረጥ። ጡረታው ከመሠረታዊ ደመወዝ ይሰላል፤ ግብሩ ጡረታ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። ይህን ማገላበጥ የተለመደ ስህተት ነው።

ውዝፉ ከሐምሌ 2017 በፊት ያለን ወር የሚነካ ከሆነ የትኛው ሰንጠረዥ እንደሚሠራበት ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስቀድማችሁ ያዙ። ለዚያው ሠራተኛ በድሮው ሰንጠረዥ የወሩ ግብር 935 ብር ነበር፤ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ወሮቹን ስትቆጥሩ ጳጉሜን አትቁጠሩ፤ ደመወዝ የአሥራ ሁለት ወር ነው። ከነሐሴ ቀጥሎ የሚመጣው የደመወዝ ወር መስከረም ነው።

የቁጠባና ብድር ማኅበሩ የሦስቱን ወር ተቀናሽ በአንዴ ይምጣልኝ ማለቱ አይቀርም። ወር በወር ከሠራችሁ መልሱ ቀላል ነው፤ የየወሩ ተቀናሽ በየወሩ ፔሮል ላይ ይቆረጣል፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያለበትም ከወሩ ደመወዝ ሲሶ አይለፍ። ለ6,000 ብር ሲሶው 2,000 ነው።

ገንዘቡ ሲለቀቅ

የባንክ ሒሳብ ላለው ሠራተኛ የወረዳው ቅርንጫፍ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። ደላንታ ያለው ተዘግቶ ደሴ ያለው ክፍት ከሆነ ደብዳቤው፣ የተፈረመው ዝርዝርና ፍላሹ ደሴ ይግቡ፤ ሒሳቡ የትም ቅርንጫፍ ላይ ይሞላል። በደብዳቤው ላይ ያለው ድምር በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፣ ከዝርዝሩ ድምር ጋር በሳንቲም ይግጠም። ጸደይ ባንክ የሚቀበሉና ንግድ ባንክ የሚቀበሉ ሠራተኞች ዝርዝር ለየብቻ ይሠራ።

ጥሬ ገንዘብ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ በተቻለ መጠን ባይነካ እንመርጣለን። ካልቀረ ግን ገንዘብ ያዡ፣ አንድ የፋይናንስ ባለሙያና አንድ የሰው ኃይል ሠራተኛ ሦስት ሆነው ይክፈሉ፤ የጉዞው ቀን አይወራ፣ አጀብ ይኑር። ብሩን ከባንክ ስታወጡ በኖት ዓይነት ዘርዝራችሁ ጠይቁ፤ ለ4,880 ብር ሃያ አራት ባለ 200፣ አንድ ባለ 50፣ ሦስት ባለ 10 ያስፈልጋል። ሁሉም በባለ 200 ከመጣ ቀኑ ዝርዝር ፍለጋ ያልፋል። ያልመጣ ሠራተኛ ገንዘብ በጓደኛ እጅ አይሰጥም፤ የጸደቀ ውክልና ካልቀረበ ወደ ባንክ ተመልሶ በተከፋይ ደመወዝ ይመዝገብ። የሞተ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠበቃል።

የተለቀቀው ገንዘብ ለሁሉም ወር ካልበቃ አሮጌውን ወር ሙሉ አድርጋችሁ ክፈሉ። ከየወሩ ግማሽ ግማሽ መክፈል ሠራተኛውን ለጊዜው ዝም ያሰኝ ይሆናል እንጂ ግብሩንም ጡረታውንም ያወሳስባል። የጎደለውን ከሴፍቲኔት ሒሳብ ወይም ከካፒታል በጀት ተበድሮ መሙላት አይሞከር። ከሠራተኛው የተቆረጠ ግብርና ጡረታም የወረዳው ገንዘብ አይደለም። ውዝፉ ሰኔ 30ን የሚሻገር ከሆነ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ በተከፋይነት ይያዝ፤ ካልሆነ የአዲሱን ዓመት ደመወዝ ይበላል።

ወጪው ሲመዘገብ ደመወዙ በወጪ ሒሳብ መደብ 6111፣ የመንግሥት የጡረታ ድርሻ በ6131 ይገባል፤ ድርሻው 11 በመቶ ነው፣ ለ6,000 ብር 660። ከሠራተኛው 420 ጋር 1,080 ብር ለየወሩ ለብቻው፣ ከስም ዝርዝር ጋር ይላክ። የሦስት ወሩ በአንድ ድምር ያለ ዝርዝር ከተላከ ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ ወሮቹ በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ሠራተኛውም ውዝፉን ሲቀበል የየወሩን ስሊፕ ለየብቻ ይጠይቅ፤ በእያንዳንዱ ላይ ጡረታው መቆረጡን አይቶ ይፈርም።