የኦይራዚየር ውሻ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ኦይራዚየር ከላይ ሲታይ ሁልጊዜ ደህና ነው። ቢከሳም፣ ቢወፍርም፣ ቆዳው ቢቆስልም ያ ሁሉ ጸጉር ይሸፍንለታል። ስለዚህ ከታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው እጃችሁን ጸጉሩ ውስጥ ከማስገባት ነው። እኔ ጀርመን ውስጥ ቡቺን ሳሳድግ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ የተሳሳትኩት በሙሉ በዓይኔ ብቻ አይቼ "ምንም አልሆነም" ያልኩ ጊዜ ነው።

ለማያውቀው፦ ዝርያው ገና ወጣት ነው። ዩሊዩስ ቪፕፈል የተባለ ጀርመናዊ በ1960 እ.ኤ.አ. ቫይንሃይም ከተማ ውስጥ ቮልፍሽፒትስ የተባለውን የውሻ ዝርያ ቻውቻው ከተባለው ጋር ማዳቀል ጀመረ። ቆይቶ ሳሞይድ የተባለ ሌላ ዝርያ ተጨመረበትና በ1973 ዛሬ በሚጠራበት ስም በዓለም አቀፍ ደረጃ እውቅና አገኘ። ወንዱ ከ23 እስከ 32 ኪሎ፣ ሴቷ ከ18 እስከ 26 ኪሎ ይመዝናሉ። ሦስቱም ወላጅ ዝርያዎች ድርብ ጸጉር አላቸው፤ ከላይ ረጅምና ጠንከር ያለ፣ ከስር ደግሞ እንደ ባዘቶ የለሰለሰና የተጠቀጠቀ። መከራው ያለው ባዘቶው ላይ ነው።

ቤቱ ጸጉር በጸጉር ሆነ

በጸደይና በመኸር ባዘቶው በጅምላ ይለቃል። በእጃችሁ ስትስቡት እፍኝ እፍኝ እየሆነ ከመጣ፣ ከስሩ ያለው ቆዳ ግን ንጹህ ከሆነና ካላከከው በሽታ አይደለም፤ ለጥቂት ሳምንታት ትታገሳላችሁ። ቆዳው ራሰ በራ ሆኖ ከታየ፣ ከቀላ ወይም ከተላጠ ግን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አበጣጠሩ ላይ ነው። የላይኛውን ጸጉር ያበጥርና ውሻው ሲያብረቀርቅ ደስ ይለዋል፤ ከስር ግን ባዘቶው ተቋጥሮ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ውሻውን በጎኑ አስተኙት። በአንድ እጃችሁ ጸጉሩን ወደ ላይ ያዙና ነጩ ቆዳ እንደ መስመር እስኪታያችሁ ክፈሉት። ከዚያ መስመር በታች ያለውን በብረት ሚዶ ከቆዳው ጀምራችሁ ወደ ውጭ አበጥሩ። ጨርሳችሁ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ አዲስ መስመር ክፈቱ። ልክ ሹሩባ የሚሠራ ሰው ጸጉር እንደሚከፍለው ነው። በመራገፊያው ወቅት በየቀኑ፣ በሌላ ጊዜ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል። ቶሎ የሚቋጠሩት ቦታዎች ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ስር እና ጀርመኖች "ሱሪው" የሚሉት የኋላ ታፋ ጸጉር ናቸው።

የተቋጠረውን በመቀስ አትቁረጡ። ስትስቡት ቆዳውም አብሮ ይነሳል፤ ጸጉር የቆረጣችሁ መስሏችሁ ቆዳ ትቆርጣላችሁ። በጣት እየበተናችሁ ፍቱት፤ እምቢ ካለ ለባለሙያ ተዉት።

እናቴ በቪዲዮ ስታየው "አንተ ልጅ፣ ሙቀት ሊገድለው ነው፤ ይሄን በግ ለምን አትሸልተውም?" አለችኝ። ልሸልተው ምንም አልቀረኝም ነበር። አታድርጉት። ባዘቶው ቶሎ ይበቅልና የላይኛው ጸጉር ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴም እንደ ድሮው አይመለስም። ከፀሐይ የሚከላከለውም እሱው ነው። የሞተውን ባዘቶ በሚዶ አውጡለት፤ አየር የሚገባው ያኔ ነው።

ይሸታል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያካል

ይሄ በኅዳር ዝናብ የደረሰብኝ ነው። ከጫካ ስንመለስ ቡቺን በፎጣ ጠረግኩት፤ ከላይ ደረቀ፣ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ከጆሮው ስር የሆነ የረጠበ ጨርቅ ሽታ መጣ። ጸጉሩን ስከፍለው የሁለት ዩሮ ሳንቲም የምታህል ቀይ፣ የምታዣ ቁስል አገኘሁ። ማታ ላይ መዳፍ አክላለች።

ምክንያቱ ከስር የቀረ እርጥበት ነው። ቆዳው ይላላል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ውሻው ሲያክና ሲልስ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይሰፋል። ቁንጫ ወይም የጆሮ ሕመምም ሊያስነሳው ይችላል፤ ስለዚህ እነሱንም አሳዩ። ሐኪሟ ዙሪያውን ላጨችው፣ በፀረ ተዋስያን አጠበችው፣ አንገቱ ላይ መከላከያ አሰረችለት። እናንተ ቤት ውስጥ ቫዝሊን እንዳትቀቡ፤ እርጥበቱን ከውስጥ ይቆልፈዋል።

መከላከያው አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል፦ ከፎጣው በኋላ ጸጉር ማድረቂያ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ አየር፣ በጣታችሁ እየከፈላችሁ ቆዳው እስኪደርቅ። ሰውነቱን በሻምፑ ማጠብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል፤ ሳታበጥሩ ግን አትጠቡት፤ የተቋጠረ ጸጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይቋጠራል።

እብጠት የሚመስል ነገር በጣቴ ነካኝ

ከጸደይ እስከ መኸር ከሆነ መዥገር ይሆናል። ዘይት ወይም አልኮል አታፍስሱበት። በመዥገር መንቀያ ቆዳውን ተጠግታችሁ ያዙና ሳትጨምቁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ካተኮሰው ወይም ካነከሰ፣ መዥገር ነክሶት እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ።

ይወፍራል፣ ይተኛል፣ ጸጉሩ ደበዘዘ

መጀመሪያ ጎድኑን ዳስሱ። የእጃችሁን ጀርባ ስትነኩ አጥንቱ እንደሚሰማችሁ ከሆነ ጥሩ ነው፤ መዳፋችሁን እንደመንካት ከሆነ ወፍሯል። ያኔ ምግቡን በሚዛን መዝኑ፣ እንግዳ ከጠረጴዛ የሚጥልለትንም ቁጠሩ።

ምግቡ ሳይጨምር ከወፈረ፣ ሙቀት ፈላጊ ከሆነ፣ ጎኑና ጅራቱ ላይ ጸጉሩ ከሳሳ ግን የታይሮይድ እጢው ሊሆን ይችላል። በዚህ ዝርያ የታወቀ ችግር ነው። የደም ምርመራው ቲ4 (እጢው የሚያመነጨው ሆርሞን) ብቻ እንዳይሆን፣ ቲኤስኤችም (እጢውን የሚያዘው ሆርሞን) ይጨመር፤ ሌላ ሕመምም ቲ4ን ዝቅ ያደርገዋልና። ሕክምናው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ የሆርሞን ክኒን ነው። ንቃቱ ቶሎ ይመለሳል፣ ጸጉሩ ግን ወራት ይፈልጋል።

አልበላም አለ

ኦይራዚየር መራጭ ነው። ሳህኑን ለ20 ደቂቃ አስቀምጡና አንሱት፤ ሌላ የተሻለ ነገር አታቅርቡ። እኔ አንዴ በሥጋ አባበልኩት፣ ለሁለት ሳምንት ተበቀለኝ። ካስታወከ ወይም ከደከመው ግን ይሄ ምርጫ አይደለም፤ አሳዩት።

የበዓል ሰሞን ደግሞ የእኛ ኩሽና ለውሻ አደገኛ ነው። ዶሮ ወጥ ማለት ሽንኩርት በሽንኩርት ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል፦ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠቀ ይወጋዋል። ድስት ከላሰ ምልክት ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ደውሉ።

በሙቀት ያለከልካል፣ ይንገዳገዳል

ይሄ ድንገተኛ ነው። ለሃጩ ከወፈረ፣ ድዱ በጣም ከቀላና ካልተረጋጋ ወደ ጥላ ውሰዱና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። የላይኛው ጸጉር ውሃ አያስገባም፤ ላዩ ላይ ብታርከፈክፉ ቆዳው ደረቅ ነው። ሆዱንና ብብቱን፣ ጸጉሩን በእጃችሁ እየከፈታችሁ አርጥቡ፣ አናፍሱለት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። እርጥብ ፎጣ አልብሳችሁ አትተዉት፤ ሙቀቱን ያፍናል።

እንግዳ ሲመጣ ዞር ይላል

ፈሪ ሆኖ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ከቤተሰቡ ጋር እጅግ የተጣበቀ፣ ከሌላው ጋር ቁጥብ ነው፤ ያለ ምክንያት አይጮህምም። "ና ሰላም በል" እያላችሁ አትጎትቱት፤ እንግዳውም እጁን አይዘርጋ። አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ውሻ ትፈራ ስለነበር እሷም አላየችው፣ እሱም አላያት። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ መጥቶ እግሯ ስር ተጋደመ። ነጠላዋ ላይ የቀረው ጸጉር በብሩሽ አልለቀቀም፤ የሚለጠፍ ሮለር በር አጠገብ አስቀምጡ።