ከአሜሪካ ጦር በመጥፎ ወረቀት ለወጣችሁ፦ ስንብታችሁን ለማሻሻል ከየት ትጀምራላችሁ?

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ አሜሪካ የገባ ወጣት ብዙም ሳይቆይ ጦር ሠራዊቱን ማሰቡ የተለመደ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መቀጠር ይችላል። ደመወዝ አለው፣ ትምህርት አለው፣ ዜግነትም ከሌላው ፈጥኖ ይመጣል። እንግሊዝኛው ገና ሳይፈታለት፣ አገሩንም ሳይለምድ ዩኒፎርም የሚለብስ ልጅ አለ። ከእነዚህ መካከል ጊዜያቸውን ጨርሰው በክብር የሚወጡ አሉ። በመሃል ተሰናክለው "አዘር ዛን ኦነረብል" (ከክብር በታች) የሚል የስንብት ወረቀት ይዘው የሚመለሱም አሉ። ያ ልጅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ለቤተሰቡ "ኮንትራቴ አለቀ" ብሎ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ይደብቀዋል።

ይህን የምጽፈው ለእሱ፣ ለእሷና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ስንብት ሊሻሻል ይችላል። ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ ካልጠየቃችሁም ማንም ፈልጎ አያሻሽልላችሁም። እፍረቱ ይገባኛል። ሆኖም በዝምታ ያለፈው ዓመት ሁሉ ከዚያ ገደብ ላይ ይቀነሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ወሬ ላጥፋ። "ስድስት ወር ጠብቅ፣ ራሱ ይሻሻላል" የሚባል ነገር አለ። ከጦሩ ሲወጡ የሚነገራቸው ልጆች አሉ፣ አምነውም ይቀመጣሉ። ውሸት ነው። በራሱ የሚሻሻል ስንብት የለም።

አሁን ወረቀቱን አውጡት። ዲዲ 214 ይባላል። አጭርና ረጅም ቅጂ አለው፤ የስንብቱ ዓይነትና ምክንያት የሚታየው በረጅሙ ላይ ነው። "ሜምበር 4" የሚለውን ቅጂ ፈልጉ። ከላይ ያለው ደረጃ "ኦነረብል" ነው። ቀጥሎ "ጀነራል" ይመጣል፣ ከዚያ "አዘር ዛን ኦነረብል"። "ባድ ኮንዳክት" እና "ዲስኦነረብል" የሚሰጡት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ጥቂት ጊዜ ብቻ አገልግለው በሥልጠና ላይ የወጡ ደግሞ ደረጃ የሌለው ስንብት ሊደርሳቸው ይችላል። እሱ እንደ መጥፎ አይቆጠርም።

ብዙዎች "ጀነራል" ሲደርሳቸው ተርፈናል ብለው ይተዉታል። በቪኤ (በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ለመታከም አይከለክልም፣ ይህ እውነት ነው። ኮሌጅ የሚከፍለው ጂ አይ ቢል ግን "ኦነረብል" ይፈልጋል። ለትምህርት ብሎ የገባ ልጅ ዋናውን ነገር ያጣው እዚህ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ "ጀነራል" ያላችሁም ማመልከት ትችላላችሁ፤ ማመልከትም አለባችሁ ባይ ነኝ።

ለእኛ ግን ከትምህርቱም የሚከብደው ዜግነቱ ነው። በሰላም ጊዜ 1 ዓመት በክብር ያገለገለ፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ከዚያም ባነሰ፣ በውትድርና በኩል ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ ያለው ጊዜ ለዚህ ጉዳይ እንደ ጦርነት ጊዜ ይቆጠራል። ኤን-400 ለሚባለው የዜግነት ማመልከቻም አይከፈልም። ግን አገልግሎቱ የክብር መሆን አለበት። "ኦነረብል" እና "ጀነራል" ይበቃሉ፣ "አዘር ዛን ኦነረብል" አይበቃም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በውትድርና ዜግነት ያገኘ ሰው በጠቅላላው 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር በታች በሆነ ስንብት ከወጣ፣ ዜግነቱ ሊነጠቅ ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል። እንግዲህ የእኛ ልጅ መጥፎ ወረቀት ይዞ ሲወጣ እዚህ ተወልዶ ካደገ ወታደር የበለጠ የሚያጣው ነገር አለ። በተለይ ፍርድ ያለበት ሰው ኤን-400 ከመላኩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ማመልከቻው ፋይላችሁን በሙሉ ያስከፍታል።

ማመልከቻው የሚገባባቸው ሁለት ቦርዶች አሉ። አንደኛው የስንብት ገምጋሚ ቦርድ ነው። በዲዲ ፎርም 293 ይጠየቃል፣ ስንብቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት አላችሁ። ሁለተኛው የወታደራዊ መዝገብ አራሚ ቦርድ ነው፣ በዲዲ ፎርም 149 ይጠየቃል። የእሱ ገደብ ስህተቱን ካወቃችሁበት ቀን 3 ዓመት ነው፤ ፍትሕ ከጠየቀ ግን ቦርዱ ገደቡን ሊያልፈው ይችላል። 15 ዓመቱ ያላለፋችሁ ሰዎች ባብዛኛው ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ያለፋችሁ፣ ወይም ጀነራል ኮርት ማርሻል በሚባለው ከፍተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደባችሁ፣ ወደ ሁለተኛው ትሄዳላችሁ። ስንብቴ በሕክምና ምክንያት እንደሆነ ተደርጎ ይስተካከልልኝ የሚል ጥያቄም የሁለተኛው ነው። ፎርሞቹ ነፃ ናቸው። "እኔ አስጨርስልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ።

ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ግን ሙሉ ፋይላችሁን አስመጡ። ሚዙሪ ግዛት ሴንት ሉዊስ ያለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ኤስኤፍ 180 በሚባል ፎርም ወይም በኢንተርኔት ሲጠየቅ ይልካል። የሥራ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የሕክምናውንም ጠይቁ። አዛዡ ምን ጻፈ? የትኛውን ወረቀት ፈርማችኋል? ቦርዱ የሚያነበውን ሳታነቡ ታሪካችሁን መጻፍ አትችሉም።

ቦርዱን በሁለት መንገድ ማሳመን ይቻላል። አንዱ፣ ስንብቱ ሲሰጥ ሕጉ አልተከበረም ነው። ሌላው፣ ሕጉ ቢከበርም ቅጣቱ ፍትሐዊ አልነበረም ነው። በመጀመሪያው ላይ የእኛ ልጆች አንድ የተለመደ ታሪክ አላቸው፦ "ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ።" "አዘር ዛን ኦነረብል" ሊሰጠው የታሰበ ወታደር እንደ ደንቡ ነፃ ወታደራዊ ጠበቃ የማማከርና በቦርድ ፊት የመሰማት መብት አለው። ያቺ የተፈረመች ወረቀት ብዙ ጊዜ "መብቴን ትቻለሁ" የምትል ናት። ምን እንደምትል ሳይገባችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ጻፉት። እንግሊዝኛችሁ ያኔ ምን ያህል እንደነበር፣ ማን እንዳስረዳችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደተሰጣችሁ አስታውሱ። ይህን የምታነቡ አሁንም በጦሩ ውስጥ ካላችሁና እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከቀረበላችሁ፣ ጠበቃ ሳታናግሩ እጃችሁን አታሳርፉበት።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ከ2014 ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በ2014፣ በ2017 እና በ2018 ለቦርዶቹ መመሪያዎች አውጥቷል። ፒቲኤስዲ (ከከባድ አደጋ ወይም ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም)፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ወይም ወሲባዊ ጥቃት ያለበትን ማመልከቻ በሰፊ ልብ እንዲያዩ ታዘዋል። የ2017ቱ አራት ጥያቄ ያስቀምጣል። ጥፋቱን ሊያቀልል የሚችል ሕመም ወይም የደረሰ ነገር ነበር ወይ? በአገልግሎት ጊዜ ነበር ወይ? በእርግጥ ጥፋቱን ያስረዳል ወይ? ከጥፋቱስ በልጦ ይመዝናል ወይ? የግል ጽሑፋችሁን በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቅደም ተከተል ብትጽፉት ቦርዱ የሚፈልገውን በቀላሉ ያገኛል።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። እኛ ጭንቀትን ለሐኪም አንናገርም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ እናቱ ጋ ደውሎ ያለቅሳል፤ እሷም ጠበል ትልክለታለች፣ ስለት ትሳላለች። ወታደራዊ ክሊኒክ ሄዶ "አእምሮዬ ታወከ" ማለት ግን ነውር ይመስለዋል። ከዚያ መጠጥ ይጀምራል፣ ሥራ ያረፍዳል፣ ከአለቃው ይጋጫል። ፋይሉ ላይ የሚታየው ጥፋቱ ብቻ ነው፣ የሕመሙ መዝገብ የለም። ልጁም "ማስረጃ የለኝም" ብሎ ይተወዋል። ግን በ2017ቱ መመሪያ መሠረት የአመልካቹ የራሱ ቃል ብቻውን ሕመሙ ወይም የደረሰው ነገር እንደነበር ሊያስረዳ ይችላል። ከወጣችሁ በኋላ የተሰጠ ምርመራም ይቆጠራል። አሁን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ማስጻፍ ትችላላችሁ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የምታወሯቸው ሰዎችም ምስክር ናቸው። በሌሊት የምትደውሉላት አክስት፣ አብሯችሁ ያደረ ጓደኛ፣ የነገራችሁትን ሌላ ሰው እንዲያውቀው ከፈቀዳችሁ የንስሐ አባታችሁ። ደብዳቤ አጻጻፉ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የእኛ ሰው ሲጽፍ "ከጨዋ ቤተሰብ የተወለደ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ልጅ ነው" ይላል። ይህ ለቦርዱ ምንም አይነግረውም። ያዩትን ይጻፉ፦ "በዚያ ክረምት በሳምንት ሦስት ጊዜ ሌሊት ይደውልልኝ ነበር፤ ድምፅ ሲሰማ እንደሚደነግጥ፣ እንደማይተኛ ይነግረኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።" ወር ይጠቀስ፣ የታየው ለውጥ ይጠቀስ። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም፤ ተርጓሚውም ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ጽፎ ይፈርም።

ያለ ፈቃድ ከክፍል ቀርታችሁ የተባረራችሁም አላችሁ። እንበል የአንድ ልጅ እናት አገር ቤት ታማለች። ወይም በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክ ተቋርጦ ቤተሰቡ ይኑር ይሙት አያውቅም። ፈቃድ ጠየቀ፣ አላገኘም ወይም ዘገየበት፣ ሄደ። ጥፋት ነው፣ ጥፋቱን አትካዱ። ግን ምክንያቱ መታየት አለበት። የሆስፒታል ወረቀት፣ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የተሰጠ የሞት ማስረጃ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የዚያን ወቅት መልእክቶች ሰብስቡና አያይዙ። አሁን በአገልግሎት ላይ ላላችሁ ደግሞ፦ የአሜሪካ ቀይ መስቀል የቤተሰብን ሕመም ወይም ሞት አጣርቶ ለአዛዣችሁ መልእክት ይልካል። ለአገር ቤት ዘመዶቻችሁ የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ስልክ ቀድመው እንዲይዙ ንገሯቸው፤ ማጣራቱ ያለዚያ ይጓተታል።

ጽሑፋችሁ ላይ አለቃችሁን አትስደቡ። በድሎኝ ነበር ካላችሁ የሆነውን በቀንና በድርጊት ጻፉ። የራሳችሁን ጥፋት በግልጽ አምናችሁ፣ ለምን እንደሆነ አስረድታችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራችሁ አሳዩ። የ2018ቱ መመሪያ ከአገልግሎት በኋላ ያለውን ኑሮ ይመዝናል። የሥራ ደብዳቤ፣ የትምህርት ውጤት፣ የማኅበረሰብና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አገልግሎት፣ ንጹሕ የፖሊስ መዝገብ ሁሉ ይረዳሉ። የክብር ስንብት እንከን የሌለው አገልግሎት አይጠይቅም፤ ይህን መመሪያዎቹ ራሳቸው ይላሉ።

ብቻችሁን አትጻፉት። በነፃ የሚረዱ ጠበቆች አሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ "ዘ ቬተራንስ ኮንሶርሺየም" እና "ናሽናል ቬተራንስ ሊጋል ሰርቪስስ ፕሮግራም" አሉ። ሳን ፍራንሲስኮ "ሶርድስ ቱ ፕላውሸርስ" አለ። እንደ ዬልና ሃርቫርድ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የቀድሞ ወታደሮችን የሚያግዙ ክሊኒኮች አሏቸው። ጉዳያችሁን ሁሉም ላይቀበሉት ይችላሉ፤ አንዱ ቢመልሳችሁ ሌላውን ጠይቁ። በየካውንቲው ያለው የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት ቢሮ ደግሞ ቢያንስ ፎርሙን አብሯችሁ ያየዋል።

መልስ ብዙ ጊዜ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን ለቦርዱ አሳውቁ። ለመታከም ግን ያንን መልስ አትጠብቁ። "አዘር ዛን ኦነረብል" ያለው ሰው ቪኤ አይገባም የሚለው እውነት አይደለም። ቪኤ ስንብቱን በራሱ መዝኖ ይወስናል። ከጁን 25 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው ደንብም ወታደሩ የነበረበትን ሁኔታ የበለጠ እንዲያይ ያስገድደዋል። 10-10ኢዜድ የሚባለውን ፎርም ሙሉ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው "አይፈቀድልህም" ቢላችሁ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከ100 ቀን በላይ አገልግለው ውጊያ ላይ የነበሩ ወይም በአገልግሎት ላይ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው፣ ይህ ስንብት ቢኖራቸውም፣ ከ2018 ወዲህ በሕግ የአእምሮ ሕክምና ተፈቅዶላቸዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው 988 ደውሎ 1ን ይጫን። የስንብት ወረቀት አይጠየቅም።

ቦርዱ እምቢ ቢል እዚያ አያበቃም። በወረቀት ብቻ ታይቶ ከሆነ፣ 15 ዓመቱ ሳያልፍ ቀርባችሁ ለመናገር መጠየቅ ትችላላችሁ። ፊት ለፊት የሚናገር ሰውን ቦርዱ በሌላ ዓይን ያየዋል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወደ አራሚው ቦርድ ትሄዳላችሁ። ከዲሴምበር 20 ቀን 2019 ወዲህ የወጣችሁ ሁለቱንም ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላ የይግባኝ ቦርድ አላችሁ። የፌዴራል ፍርድ ቤትም አለ፣ ያለ ጠበቃ ግን አትሞክሩት።

ከተሻሻለላችሁ አዲሱን ዲዲ 214 መስመር በመስመር አንብቡ። የስንብቱ ዓይነት ተለውጦ ምክንያቱ የድሮው ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ቀጣሪ ደግሞ እሱንም ያነባል። ካልተስተካከለ እንዲታረም ጠይቁ። ከዚያ ቅጂውን ለቪኤ፣ ለኮሌጃችሁና ለኢሚግሬሽን ጠበቃችሁ ስጡ።