ፎንዳንት ላይ የሚቀባ ቀለም ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬክ የሚሸፈንበት ልባስ፣ አብዛኛው ክፍሉ ስኳር ነው፤ ስኳር ደግሞ ውሃ ካገኘ ይሟሟል። ፎንዳንት ላይ በብሩሽ ሲሳል የሚያጋጥመው ብልሽት በብዛት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስለዚህ ቀለም ሲመረጥ ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን በምን እንደሚበጠበጥም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ቀለሙ አይደርቅም፣ ሲነካ እጅ ላይ ይቀራል

ጄል ቀለም (ወፍራም የምግብ ቀለም) ሳይቀጥን እንዳለ ከተቀባ እንዲህ ይሆናል። ጄል ዕቃው ውስጥ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ይገባበታል፤ ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ። በጥርስ እንጨት ጫፍ የተነሳ ጄል ከ8 እስከ 10 ጠብታ በሚሆን ቮድካ ወይም ሌላ ቀለም የሌለው ጠንካራ አልኮል ይበጥብጡ። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል፣ ስኳሩንም እንደ ውሃ አያሟሟም። አንድ ስስ ንብርብር ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ደማቅ ቀለም ከተፈለገ አንዴ በወፍራሙ ከመቀባት ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ይሻላል።

ከተቀባ በኋላ እምቢ ላለው ጄል ደግሞ ጥቂት ሰዓት አየር ካገኘ በኋላ ተመሳሳይ የዱቄት ቀለም በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ላዩ ላይ በስሱ ይነስንሱበት። ዱቄቱ የቀረውን እርጥበት ይመጥጠዋል።

አልኮል ለማይጠቀም ሰው የሎሚ ኤሰንስ ሁልጊዜ አማራጭ አይሆንም፤ ብዙው ራሱ የሚሠራው በአልኮል ስለሆነ የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። አስተማማኙ መንገድ የዱቄት ቀለምን በቀለጠ የካካዎ ቅቤ መበጥበጥ ነው። ቅቤው ስኳር አያሟሟም፣ ሲቀዘቅዝም ይረጋል። እየሠሩ እንዳይረጋ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጎ ሙቅ ውሃ በያዘ ኩባያ አፍ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። ቀለም ከቀለም ለማዋሃድ ጊዜ ስለሚሰጥ ለአበባና ለመልክዓ ምድር ሥዕል ከአልኮል የበለጠ ይመቻል። የእጅ ሙቀት ግን ያቀልጠዋልና ከደረቀ በኋላም አይነካካ።

የተቀባው ቦታ ተጣበቀ ወይም ጎደጎደ

ብሩሹ ብዙ ፈሳሽ ይዟል፣ ወይም እርጥብ ቦታ ላይ ደጋግሞ ተመላልሷል። ብሩሹን ቀለም ባነሱ ቁጥር ሶፍት ላይ ጫን ያድርጉት፤ አንዴ ያለፉበትን መስመር እስኪደርቅ አይመለሱበት። ኬኩ ከተሸፈነ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ላዩ ጠጠር ሲል መቀባት ይህን ችግር ከሥሩ ይቀንሰዋል። የጎደጎደው ቦታ ሙሉ በሙሉ ይድረቅና ያንኑ ፎንዳንት በጥቂት ጠብታ ውሃ ለጥፈው ይሙሉት፤ ሌሊቱን ካደረ በኋላ እንደገና ይቀቡ።

ቀለሙ እንደ ዶቃ ይሰበሰባል ወይም ዥጉርጉር ይሆናል

ዶቃ መሥራቱ ላዩ ቅባት እንዳለበት ያሳያል፤ ፎንዳንቱ ሲታሽ ወይም ሲዳመጥ እጅ ላይ የነበረ የአትክልት ቅቤ ነው። ትንሽ አልኮል በነካ ሶፍት በስሱ ይጥረጉትና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ዥጉርጉሩ ግን ሲዳመጥ የተነሰነሰ የበቆሎ ስታርች ነው፣ ቀለሙን ቦታ ቦታ ይመጥጠዋል፤ በደረቅ ብሩሽ ይራገፍ።

ቀለሙ ጠቆር ባለ ፎንዳንት ላይ አይታይም

ጄል ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም። መጀመሪያ ነጭ ቀለም ይቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ የሚፈለገውን ይደርቡበት። ነጩ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ጥሩ የሚሸፍነው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት ይህን በምግብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ከልክሏል። በካልሲየም ካርቦኔት ወይም በሩዝ ስታርች የተተካው ነጭ የመሸፈን አቅሙ ያንሳል፤ አንድ ሁለት ንብርብር ይጨመርለት።

ወርቁ ወይም ብሩ ግራጫ ይመስላል፣ ይሰነጠቃል፣ እጅ ላይ ይለቃል

አብረቅራቂ ዱቄት ብርሃን የሚመልሱ ጥቃቅን ቅርፊቶች ስብስብ ነው። ነጭ ፎንዳንት ላይ የደበዘዘ የሚመስለው ሥሩ በቅርፊቶቹ መካከል ስለሚታይ ነው። ለወርቅ ከሥሩ ቢጫማ ቡናማ፣ ለብር ግራጫ ፎንዳንት ቢሆን ግማሹ ሥራ ያልቃል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል አልኮል በጠብታ እየጨመሩ ወፍራም ክሬም እስኪመስል ይበጥብጡ። ዱቄቱ ሥር ስለሚዘቅጥ ብሩሹን በነከሩ ቁጥር ያማስሉት። አልኮሉ እየተነነ ሲወፍር ጥቂት ጠብታ ይጨምሩ፤ መስመርና መሰንጠቅ የሚመጣው ይህ ሲዘነጋ ነው።

እጅ ላይ የሚለቀው ደግሞ አልኮሉ ሲተን ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው ነገር ስለማይቀር ነው። የሚነካካ ጌጥ ከሆነ ዱቄቱን በአልኮል ፈንታ ለምግብ በተሠራ የኬክ ቫርኒሽ ይበጥብጡት። ብሩሹ ሳይደርቅ በአልኮል ይታጠብ፤ ውሃ ቫርኒሹን አያስለቅቀውም።

ከሁሉ በላይ ግን የዕቃው ጽሑፍ ይነበብ። «መርዛማ አይደለም» ማለት «ይበላል» ማለት አይደለም። «ለጌጥ ብቻ» የሚል ዱቄት የሚበላ ኬክ ላይ አይቀባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በሮድ አይላንድ፣ በ2019 ደግሞ በሚዙሪ ሕፃናት የተመረዙት ለምግብ ያልተሠራ አብረቅራቂ ዱቄት በተቀባበት ኬክ ነው፤ በመጀመሪያው መዳብ፣ በሁለተኛው እርሳስ ተገኝቷል። የሚበላ መሆኑ በግልጽ ያልተጻፈበትና የተሠራበት ነገር ዝርዝር የሌለው ዱቄት ቢያምርም ይቅር።

በማግስቱ ቀለሙ ተለውጧል

ሮዝና ወይን ጠጅ ብርሃን ላይ ይደበዝዛሉ፤ በወይን ጠጁ ውስጥ ያለው ቀይ ቀድሞ ሲጠፋ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። የተጠናቀቀ ኬክ በካርቶን ሣጥን፣ ከመስኮትና ከደማቅ መብራት ርቆ ይቀመጥ። ቀይና ጥቁር በተቃራኒው ጥቂት ሰዓት ሲቆዩ ይጠቁራሉና ሲበጠበጡ ከሚፈለገው ትንሽ ፈካ ይበሉ። ከቀይ ጥቅል ጎመን የወጣ የተፈጥሮ ቀለም አሲድ ሲነካው ይቀላል፣ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሎሚ ያለበት ነገር አይቀላቀልበት።

ከፍሪጅ ሲወጣ አላበው፣ ሥዕሉ ፈሰሰ

በሞቃት አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛ ኬክ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ላቡ በጭራሽ አይጠረግ፤ ቀለሙ ይዘረጋል። ማራገቢያ ፊት ያስቀምጡትና በራሱ ይድረቅ። ፍሪጅ መግባቱ የማይቀር ከሆነ በካርቶን ሣጥን ተዘግቶ ይግባ፤ ሲወጣም ሣጥኑ ሳይከፈት ኬኩ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ።

መስመሩ ተሳስቷል

ወዲያው ከታየ፣ በአልኮል ነክሮ በተጨመቀ ጥጥ ጫፍ ከዳር ወደ መሃል ይነሳል፤ ጥጡ በየጊዜው ይለወጥ። ከደረቀ በኋላ ግን መፋቅ ፎንዳንቱን ስለሚጎዳ በነጭ መሸፈን ወይም ቅጠልና አበባ መለጠፍ ይሻላል። ከዋናው ሥራ በፊት ቀለሙን ከዚያው ፎንዳንት በተረፈ ቁራሽ ላይ ቀብቶ፣ ደርቆ ምን እንደሚመስል ማየትም ይህን ያስቀራል።