የአምፕሊፋየር ብረት ሲደበዝዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ውድ የሆነ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ፊቱ የሚበላሸው በብዛት ልናጸዳው ስንሞክር ነው። አቧራ ዓመት ቢቀመጥበት ይነሳል። አንድ ጊዜ በሽቦ ወይም በአመድ የተፈተገ ግን አይመለስም። ስለዚህ "በምን ልወልውለው?" ለሚለኝ ሰው ጥያቄውን በጥያቄ ነው የምመልስለት፦ ብረቱ ምንድነው?

ለማወቅ የፍሪጅ ላይ ማግኔት ይበቃል። እንዳይጭር ስስ ወረቀት አድርጉና ጎን ላይ አስጠጉት። ጥብቅ ብሎ ከያዘና ላዩ እንደ መስታወት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም የተለበጠ ብረት ነው። ካልያዘ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ወይም ስቴንለስ ስቲል (የማይዝግ ብረት) ነው። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ፊቱ ብዙ ጊዜ አኖዳይዝ የተደረገ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ላዩ ላይ በማይክሮን የሚለካ ሽፋን ወጥቶበታል ማለት ነው። ብርማውም ወርቃማውም ቀለም ያለው እዚያ ሽፋን ላይ ነው። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ማኪንቶሽ ኤምሲ275 የሚባለው የቫልቭ (በመስታወት አምፖሎች የሚሠራ) አምፕ በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የድሮዎቹ ገላቸው ክሮም ነው፣ የአሁኖቹ ስቴንለስ ስቲል።

ሶኬቱን ንቀሉ። የቫልቭ ከሆነ አምፖሎቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቁ። ፈሳሽ ነገር ዕቃው ላይ አይረጭም፤ ጨርቁ ላይ ነው የሚደረገው።

ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ነገር ለብሷል

በእኛ አካባቢ ዋናው ይሄ ነው። ደብረ ብርሃንም መንዝም ብርድ ስለሆነ መስኮት ይዘጋል። ቡናው እዚያው ሳሎን ይቆላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ኩበት የሚነድበት ቤት ከሆነማ አይነሳ። ጭሱ ውስጥ ያለው ቅባት ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ እዚያው ይቀመጣል፣ አቧራው ደግሞ እሱ ላይ ይለጠፋል።

ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክራችሁ ውሃ እስከማያንጠባጥብ ድረስ ጭመቁት። ሳትጫኑ ጥረጉ። ካልለቀቀ ድገሙት እንጂ አትፈትጉት። ከዚያ በንጹህ ውሃ በረጠበ ጨርቅ፣ በመጨረሻም በደረቅ። ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ያልሟሟው ፍሬ ይጭራል። አምፑን ከረከቦቱ ራቅ ማድረግም ትልቅ እረፍት ነው።

ብርሃን ሲያርፍበት ቀጫጭን ክብ ክብ ጭረት ይታያል

አቧራው ላይ በደረቁ በጋቢ ጫፍ ተወልውሏል። ጋቢው ለስላሳ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በበጋው ነፋስ የሚገባው አቧራ ውስጥ ግን ደቃቅ አሸዋ አለ፤ አሸዋ ደግሞ ከስቴንለስ ስቲል ይጠነክራል። በጨርቅ ስትጎትቱት የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል።

መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ወይም ለስላሳ በሆነ አዲስ የቀለም ብሩሽ አቧራውን አንሱ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይሄዳል። ከዚያ በረጠበ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ጥረጉ። አሉሚኒየሙ ቀጫጭን መስመር ያለው ከሆነ መስመሩን ተከተሉ። የተጫረውን በተመለከተ፣ ስቴንለስ ስቲል ከሆነ ለእሱ በተሠራ ማወልወያ ቅባት ቀስ እያሉ ማደብዘዝ ይቻላል። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። አኖዳይዝ የሆነውን፣ ወርቅ የተለበጠውንና ላከር (ግልጽ ቫርኒሽ) የተቀባውን ነሐስ ግን በዚህ ቅባት አትንኩ። ሽፋኑን ነው የምታነሱት።

ክሮሙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል

ክሮም ራሱ አይዝግም። በዓይን በማይታይ ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ ከስር ያለው ብረት ነው የዛገው።

እርጥበቱ ከየት መጣ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300። ሌሊት መኪና ላይ ያደረ አምፕ ጠዋት የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቆላ ሲወርድ ብረቱ ገና በረዶ ነው። ሞቃቱ አየር ሲነካው ያልበዋል። ማሳያ መስኮቱ ላይ ጉም ካያችሁ ውስጡም እንደዚያው ነው፤ ቶሎ ቢበራ አደጋ አለው። ስለዚህ ካርቶኑን ሳትከፍቱ ጥቂት ሰዓታት አቆዩት። ከተከፈተ በኋላ ጠል ከታየበት ደርቆ እስኪጠፋ ሶኬት አትሰኩ።

ለዝገቱ፣ ትንሽ የምግብ ፎይል ጨምድዳችሁ በውሃ አርጥቡና ቀስ አድርጋችሁ እሹት። ፎይል አሉሚኒየም ስለሆነ ከክሮም ይልቅ ይለሰልሳል። ዝገቱ ሲለቅ ጥረጉና በደንብ አድርቁ። ክሮሙ ከተላጠ ግን ይሄ አይሠራም፤ ባለበት እንዲቆም ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ነጭ የውሃ ጠብታ ቅርጽ

ውሃው ተኖ ኖራው ቀርቷል። ዲስቲልድ ውሃ (ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ) ባረጠበው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይለቃል። እምቢ ካለና ብረቱ ስቴንለስ ስቲል ከሆነ፣ ኮምጣጤ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ነካ አድርጉና ወዲያው በውሃ ጥረጉ። አሉሚኒየም ላይ አይሞከርም። ከባትሪ ቤት ውሃ የምትገዙ ከሆነ ጠርሙሱን ሁለቴ እዩ፣ አጠገቡ የሚሸጠው አሲድ ነው።

አሉሚኒየሙ ላይ የማይለቅ ደብዛዛ ጠባሳ

እዚህ ጋ መጥፎ ዜና አለኝ። ቤት ውስጥ ለድስት የሚሆነው ሁሉ እዚህ ጠላት ነው። እትዬ "በአመድ ፈተግ ብታደርጉት ወለል ይላል" ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ የጠቆረ ድስት በአመድ ይነጣል። የእንጨት አመድ እርጥበት ሲያገኝ ግን ሽፋኑን ይበላል። በረኪናም ይበላዋል፤ ሎሚም ተትቶ ከቆየ ምልክት ይጥላል። በረኪና ስቴንለስ ስቲልንም አይምርም፤ ክሎሪኑ ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣበታል።

ጠባሳው ቆሻሻ ስላልሆነ ማጽዳት አይመልሰውም። ሽፋኑ ተገፎ እንደ አዲስ አኖዳይዝ መደረግ አለበት፣ ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል። እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ድምፁ እንደሆነ አልተነካም።

ጽሑፍ ካልኩ አይቀር፣ በማዞሪያዎቹ ዙሪያ የታተሙት ፊደሎች በአልኮል ሊለቁ ይችላሉ፣ አሴቶንማ (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው) ጠራርጎ ነው የሚወስዳቸው። እዚያ አካባቢ ውሃ ብቻ። ከአቧራ ለመከላከል ጨርቅ የምታለብሱትም አምፑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ በርቶ ከተሸፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።