የቀያችሁን ታሪክ ከሽማግሌ ጋር እየተራመዳችሁ እንዴት ትይዙታላችሁ

ጎጃም የሚኖር ወይ ቤተሰቡ እዛ የሆነ ሰው ሁሉ ይሄን ቢሞክር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የምንጩን የጉብታውን የዋርካውን ታሪክ የሚያውቁት ሰዎች እያለፉብን ነው። አካሄዱ የአውስትራሊያ አቦርጂናል ህዝቦች ነው፣ ከ50 ሺህ አመት በላይ እዛው ኖረው ታሪካቸውን ያለ ፊደል በቃል በዜማና በስዕል ያቆዩ ናቸው፣ ታሪኩም ከቦታ ጋር የታሰረ ስለሆነ ዜማውን በደንብ የያዘ ሰው ውሃው የት እንዳለ መንገዱ የት ጋ እንደሚታጠፍ እያወቀ በረሃ ያቋርጣል።

ስለዚህ ሽማግሌውን ቤት አስቀምጣችሁ "ታሪክ ይንገሩኝ" አትበሉ፣ አብራችሁ ውጡ። ሰኔና ሀምሌ ሰው እርሻ ላይ ነው አይሆንም፣ ጥር የካቲት እህል ከገባ በኋላ በበዓል ቀን ከቅዳሴ መልስ አሪፍ ነው። ቦታው ላይ ስትደርሱ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ፦ አባ፣ ይሄ ምንጭ በጋ ይደርቅ ነበር? በድርቅ ጊዜ ከብቱ ወዴት ይወርድ ነበር? እዚህ ዋርካ ስር እነማን ታረቁ? ከዛ ዝም። እሳቸው ዝም ካሉም ሌላ ጥያቄ አትደርቡባቸው፣ እያስታወሱ ነው። ሰሜን አውስትራሊያ ዴሊ ወንዝ አካባቢ እንዲህ በጥሞና ማዳመጥን ዳዲሪ ይሉታል፣ ከሁሉም ከባዱ ይሄ ይመስለኛል።

አንድ ሽማግሌ ብቻም አይበቃም። ከ7 ሺህ አመት በፊት ባህሩ ከፍ ብሎ ዳርቻውን የዋጠበት ጊዜ ትዝታ በአቦርጂናል ተረኮች ውስጥ እስካሁን አለ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ እንዲህ የቆየውም አንዱ ሲተርክ ሌላው ዘመድ እየሰማ ስለሚያርመው ነው ይላሉ። እናንተም ሁለት ሆነው ይምጡ፣ "ኧረ አይደለም፣ ጎርፉማ የወረደው በወዲያ ማዶ ነው" ሲባባሉ ነው ነገሩ የሚጠራው። ልጆችም ይከተሉ፣ መልስ ላይ ልጁ የሰማውን ይድገም እነሱ ያርሙት።

ፈቃድ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አቦርጂናሎቹ ጋ ታሪክ ባለቤት አለው፣ የሴቶች ብቻ ወይ የወንዶች ብቻ የሆነም አለ። መሃል አውስትራሊያ ያለው የኡሉሩ ዐለት ባለቤቶች፣ አናንጉ የሚባሉት አቦርጂናሎች፣ አትውጡበት እያሉ ስንት ዘመን ለምነው በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ ነው መውጣት የተከለከለው። ለኛ ይሄ እንግዳ አይደለም፣ ግሽ አባይም እህል የቀመሰ ወደ ጠበሉ አይጠጋም። ስለዚህ ሪከርድ ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ፣ "ይሄን እንኳ አታውጣው" ካሏችሁ ስልኩን ዝጉ፣ ቲክቶክ ላይ እንዳትለቁት። የቀዳችሁትን በቦታው በቀኑና በተራኪው ስም ሴቭ አድርጋችሁ አንድ ኮፒ በሚሞሪ ለቤተሰባቸው ስጡ።