ሪፖርቱና የሂሳብ መዝገቡ አልገጥም ሲሉ፦ ከዳታቤዝ የሚወጡ ሪፖርቶች ችግርና መፍትሄ

ቻርት ሲሳሳት መጀመሪያ የሚወቀሰው ሶፍትዌሩ ነው። ከኤክሴል ወደ ፓወር ቢአይ፣ ከፓወር ቢአይ ወደ ሜታቤዝ እንሂድ ይባላል። ቁጥሩ ግን እዚያም ሄዶ ያው ነው። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ኩዌሪው፣ ማለትም ዳታውን ከዳታቤዙ የሚያወጣው ትዕዛዝ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ማንኛውንም ሪፖርት ስትፈትሹ በአንድ ጥያቄ ጀምሩ፦ እዚህ ውጤት ላይ አንድ ረድፍ የምን ረድፍ ነው? የደረሰኝ ነው? የዕቃ ነው? የክፍያ ነው?

ለምሳሌ የሚሆነን ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ሦስት ሰንጠረዦች አሉት፦ ደረሰኝ፣ በደረሰኙ ላይ ያሉ ዕቃዎች፣ እና ክፍያ።

ሽያጩ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይወጣል

በጣም የተለመደውና በጣም የሚጎዳው ይሄ ነው። አንድ የ10,000 ብር ደረሰኝ አለ እንበል። ሦስት ዕቃ ተሽጦበታል፤ ገንዘቡ የገባው ደግሞ በሁለት ክፍያ ነው። ሦስቱን ሰንጠረዦች በአንድ ኩዌሪ ጆይን ስታደርጓቸው (በደረሰኝ ቁጥር ስታገጣጥሟቸው) እያንዳንዱ ዕቃ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ይጣመራል። ሦስት በሁለት፣ ስድስት ረድፍ። የደረሰኙ ጠቅላላ በስድስቱም ላይ ይደገማል። ስትደምሩት 60,000 ብር ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዲስቲንክት፣ ማለትም ተደጋጋሚውን አንዴ ብቻ የሚቆጥረውን ትዕዛዝ፣ ጨምሮ ለማለፍ ይሞክራል። እባካችሁ አታድርጉት። የብር መጠኑን በዲስቲንክት ከደመራችሁ፣ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች እኩል 10,000 ብር ሲገዙ አንዱ ይጠፋል። ቁጥሩ አሁን ከእውነቱ በታች ይሆናል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ልክ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ትክክለኛው መንገድ ከመገጣጠም በፊት መደመር ነው። ዕቃዎቹን በደረሰኝ ቁጥር ደምሯቸው፤ ለአንድ ደረሰኝ አንድ ረድፍ ይቀራል። ክፍያውንም እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ ጆይን አድርጉ። ለማረጋገጥ ከጆይኑ በፊትና በኋላ ረድፎቹን ቁጠሩ። ደረሰኙ 500 ከነበረና ውጤቱ 1,200 ካለ፣ ድምሩን ሳታዩ ስህተት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ቅርንጫፍ ወይም ደንበኛ ከሪፖርቱ ይጠፋል

በዚህ ወር ምንም ያልሸጠ ቅርንጫፍ ቻርቱ ላይ ዜሮ ሆኖ መታየት ሲገባው ጭራሽ የለም። ሥራ አስኪያጁ ማየት የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። ምክንያቱ ተራው ጆይን በሁለቱም ሰንጠረዥ ያለውን ብቻ ማሳየቱ ነው። በሌፍት ጆይን ተኩት፤ እሱ በግራ ያለውን ሰንጠረዥ፣ እዚህ የቅርንጫፎቹን፣ ሙሉውን ይይዛል።

አሁንም ካልታየ ዌር (የኩዌሪው ማጣሪያ ክፍል) ውስጥ የቀን ማጣሪያ አለ ማለት ነው። ያልሸጠ ቅርንጫፍ የሽያጭ ቀን የለውም፤ ባዶ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው መልሶ ይጥለዋል። ማጣሪያውን ከዌር አውጡና ከጆይኑ ጋር፣ ኦን (የመገጣጠሚያው ሁኔታ የሚጻፍበት) ላይ አድርጉት።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ሽያጭ ይጎድላል

ኩዌሪው ከጁን 1 እስከ ጁን 30 ይላል፤ የቀኑ ዓምድ ግን ሰዓትም ይይዛል። ዳታቤዙ ጁን 30ን የሚረዳው ቀኑ እንደጀመረበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን የተሸጠው ሁሉ ይቀራል። ቢትዊንን (ከዚህ እስከዚህ የሚለውን ትዕዛዝ) ተዉና «ከጁን 1 ጀምሮ፣ ከጁላይ 1 በፊት» በሚል ጻፉት።

ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የተሸጠው በትናንት ቀን ይቆጠራል። ለሱቅ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ለሆቴልና ለምሽት ቤት ግን ትልቅ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩ፣ ከዚያ ቀኑን ቁረጡ።

የሐምሌ ቻርት ከሐምሌ መዝገብ ጋር አይገጥምም

የሪፖርት ሶፍትዌሮች በወር ሲከፋፍሉ የሚያውቁት የፈረንጆቹን ወር ነው። ጁላይን «ሐምሌ» ብላችሁ ብትሰይሙት ከሰኔ 24 እስከ 30 ያለው ይገባበታል፤ ከሐምሌ 25 እስከ 30 ያለው ይወጣበታል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ ማለትም ጁላይ 8 ነውና የዓመቱም ድምር ይዛባል።

ቋሚ የቀን ቁጥር እየቀነሱ ማስላትም አያዛልቅም። 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ 2017 ግን ሴፕቴምበር 11።

መፍትሄው የቀን መቁጠሪያ ሰንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ይኑር፦ የፈረንጅ ቀን፣ የኢትዮጵያ ቀን፣ ወር፣ የወሩ ተራ ቁጥር፣ ሩብ ዓመት፣ በጀት ዓመት። የአሥር ዓመቱ 3,650 ረድፍ አካባቢ ነው፤ ለዳታቤዝ ምንም አይደለም። ሽያጭ የሌለባቸው ቀናትም ከዚሁ ሰንጠረዥ ስለሚመጡ የመስመር ቻርቱ ባዶውን ዘሎ አያገናኝም። ወሮቹንም በስማቸው ሳይሆን በተራ ቁጥራቸው ደርድሩ። አለበለዚያ በፊደል ተራ መስከረምን መጋቢት ይከተለዋል።

ጳጉሜንን ለብቻዋ ካሳያችሁ ቻርቱ በየዓመቱ መጨረሻ ገደል ይገባል። ከነሐሴ ጋር ደምሯት፤ መደመሯንም ቻርቱ ሥር ጻፉ።

አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ይመጣል

አንዱ ገንዘብ ተቀባይ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሃይሉ ብሎ መዝግቧል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለዳታቤዙ ሦስት። በስም ግሩፕ አታድርጉ (አትመድቡ)። በደንበኛ መለያ ወይም በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይሁን። ስሙ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከምዝገባው ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የዓምዱ ዓይነት ቫርቻር ሳይሆን የአማርኛ ፊደል የሚይዘው ኤንቫርቻር መሆን አለበት። አንዴ በጥያቄ ምልክት የተቀመጠውን መመለስ ስለማይቻል ዛሬውኑ አስተካክሉት።

መቶኛው ሁሉ ዜሮ ነው

ፖስትግሬስና ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባሉት ዳታቤዞች ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍሉ ክፍልፋዩን ይጥላሉ። ሦስት ለአራት ዜሮ ይሆናል። አንዱን በ1.0 አባዙት።

ሁሉም ተስተካክሎ ሂሳብ ክፍል አሁንም «ልክ አይደለም» ይላል

እዚህ ላይ ኩዌሪውን መነካካት አቁሙና ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ቁጭ በሉ። እናንተ 115 ብር የምትሉት ሽያጭ ለእሱ 100 ብር ሊሆን ይችላል፤ 15 በመቶ ቫቱን ያወጣዋል። የተሰረዙ ደረሰኞች ይቆጠራሉ? ሽያጩ የሚያዘው ደረሰኙ በተቆረጠበት ቀን ነው ወይስ ገንዘቡ በገባበት? መልሱን ቻርቱ ሥር በአንድ መስመር አስፍሩ፦ «ያለ ቫት፣ የተሰረዙ ሳይጨመሩ፣ በደረሰኝ ቀን»። ቀጥሎ የተዘጋ ወር አንድ ምረጡና ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ ወደ አንድ ቀን አጥብቡት። ከዚያም ወደ አንድ ደረሰኝ። ሲገጥም ያንን ኩዌሪ ቪው (እንደ ሰንጠረዥ የሚጠራ የተቀመጠ ኩዌሪ) አድርጋችሁ ዳታቤዙ ላይ አስቀምጡት፤ ሌሎቹ ሪፖርቶች ሁሉ ከእሱ ይቅዱ።